የ2020ው ናስካር በመጨረሻ ምን ሆነ?

ጠያቂ፦ እ.ኤ.አ. 2020 ማርች ላይ በኮሮና ምክንያት ናስካር (የአሜሪካው የመኪና እሽቅድምድም) ቀጥ ሲል እኔም መከታተል ተውኩ። 36ቱም ውድድሮች ተካሄዱ ወይስ የቀረ አለ?

መልስ 1፦ ሁሉም ተካሂዷል ባክህ! ሜይ 17 ዳርሊንግተን የተባለው መወዳደሪያ ላይ በባዶ ወንበር እንደገና ጀመሩ፤ ልምምድ የለ፣ የሰዓት ማጣሪያ የለ፣ የመነሻ ቦታው በዕጣ፣ ሾፌሩ ሃርቪክ አሸነፈ። በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ማታ፣ እዚያው ደገሙት።

መልስ 2፦ ቦታው ግን ተቀያይሯል እኮ። እኛ ካሊፎርኒያ ያለው የሶኖማው ውድድር ለሻርሎት፣ የቺካጎላንዱ ለዳርሊንግተን ተሰጠ። ካሊፎርኒያ ለምንኖረው የዓመቷ አንድ ደስታችን ነበረች፣ እሷም በቲቪ አለቀች።

መልስ 3፦ የረቡዕ ማታው ግን ሱስ አስያዘኝ። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ነበር የማየው። 20 ዙር ሲቀር ዝናብ አቋረጠውና ሾፌሩ ሃምሊን መኪናው ቆሞ አሸነፈ፣ በሳቅ ሞትኩ።

ጠያቂ፦ ዋንጫውንስ ማን በላ?

መልስ 1፦ ቼስ ኤሊየት፣ ኖቬምበር 8፣ ፊኒክስ ላይ።