የገና አበባዬ አልቀላ አለኝ

ጠያቂ (ገርጂ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ፖይንሴቲያ፣ የገና አበባ የሚባለውን፣ የዛሬ ሦስት ዓመት በራችን አጠገብ ተከልኩ። አሁን ቁመቱ እኔን በልጧል። ጎረቤቴ ከእኔው ቆርጣ የተከለችው በየዓመቱ ኅዳር ላይ ፍም ይመስላል። የእኔው ግን ይኸው ጥር ገብቶም አረንጓዴ ነው። ፍግ ጨመርኩለት፣ ውሃም አጠጣዋለሁ። ምን ላድርግ?

መላሽ (ቢሾፍቱ)፦ እህቴ፣ በሩ ላይ ሲበራ የሚያድር መብራት አለ?

ጠያቂ፦ አለ። ሌባ ፈርተን ሲነጋ ነው የምናጠፋው።

መላሽ (ቢሾፍቱ)፦ እሱ ነዋ! ይህ ተክል የሚቀላው ሌሊቱ ሲረዝምለት ነው። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ጨለማው ሳይቋረጥ ማደር አለበት። አምፖል እላዩ ላይ ካደረ ሌሊቱ የረዘመ አይመስለውም፣ አረንጓዴ ቅጠል ማውጣቱን ይቀጥላል። ፍግ ያሳድገዋል እንጂ አያቀላውም። ቀዩ እኮ ራሱ ቅጠል ነው። አበባው መሃል ላይ ያሉት ትንንሽ ቢጫዎች ናቸው። አምፖሉን ወደ መንገዱ አዙሩት፤ ካልሆነ ቆርጠሽ ሌሊት መብራት የማይደርስበት ቦታ ትከዪው።

መላሽ (ጎንደር)፦ ልጄ፣ ስትቆርጪ ተጠንቀቂ። የቁልቋልና የቅንጭብ ዘመድ ነው፣ ነጭ ወተት ይወጣዋል። እንደ ቅንጭብ ባይከፋም ዓይን ያቃጥላል። ጓንት አድርጊ፣ ሕፃናትንም አርቂ። የካቲት ላይ ቅላቱ ሲያልፍ አሳጥሪው። አንድ ስንዝር ያህል ቁራጭ ወስደሽ ወተቱ እስኪደርቅ ጥላ ላይ አቆዪውና ትከዪ። ከነሐሴ በኋላ ግን ጫፉን አትንኪ፣ የሚቀላው እሱ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል፤ መደቡን ከፍ አድርጊው።

መላሽ (ቨርጂኒያ)፦ እዚህ ብርዱ ስለሚገድለው የማሳድገው በማሰሮ፣ ቤት ውስጥ ነው። መብራት የማይጠፋበት ቤት ስለሆነ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በሀበሻ ሰዓት ከምሽቱ 11 እስከ ጠዋቱ 2 ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባዋለሁ። ቀን ቀን መስኮት ሥር ፀሐይ ይሞቃል። ሁለት ወር ገደማ አንድም ሌሊት ሳልዘል እንዲህ አደርጋለሁ። ለፈረንጅ ገና ቀልቶ ይደርስልኛል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! የጎረቤቴ ከቤቱ ጀርባ ነው፣ መብራት የለም። ለካ ለዚያ ነው። የካቲት ላይ አራት ቁራጭ ወደ ጓሮ አዞራለሁ። የበሩንም አልነቅለውም፣ ባለቤቴ አምፖሉን አዞረዋለሁ ብሎኛል።