የ9 ዓመት ልጅ ፊት ላይ የሚያቀላ ክሬም እየተቀባ ነው፤ ከየት ልጀምር?

አክስቷ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የወንድሜ ልጅ 9 ዓመቷ ነው፤ እሷ ጠይም፣ ታናሿ ቀይ ናት። ከአገር ቤት የመጡት የእናቷ እናት ማታ ማታ ፊቷንና አንገቷን መለያው በተላጠ ክሬም ይቀቧታል። ሦስተኛ ወሩን ይዟል። አልቀባም ስትል እናቷ በቀበቶ ትመታታለች። ቤት ውስጥ «ከሰሏ» እያሉ ነው የሚጠሯት። አሁን ጉንጯ ላይ ቀጫጭን ደም ሥሮች መታየት ጀምረዋል፣ ግንባሯም ብጉር በብጉር ሆኗል። ለፋሲካ ደግሞ ፀጉሯን ሪላክሰር ሊያስደርጓት ነው። ክሬሙን ዛሬውኑ ብጥለውስ?

ፋርማሲስት
እህቴ፣ አትጣዪው። በላስቲክ ከረጢት አሽገሽ አስቀምጪው፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

የነገርሽን ምልክቶች ጠንካራ ስቴሮይድ (ቁጣ የሚያበርድ የሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት) ያመጣቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ነው። ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ለዚህ ነው ደም ሥሩ የሚታየው። የልጅ ሰውነት ከክብደቱ አንጻር ብዙ ቆዳ ስላለው ከአዋቂ የበለጠ መድኃኒት ወደ ደም ያስገባል። ለወራት ሲቀባ የራሷ አካል ኮርቲሶል (ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ስቴሮይድ) ማምረቱን ሊቀንስ ይችላል። በድንገት ከተቋረጠ ፊቷ ሊቆጣና ሊያቃጥላት ይችላል፤ ኮርቲሶል የሚያመርተው አድሬናል ዕጢዋ ከተዳከመም ድካም፣ ማስመለስና ማዞር ይከተላል። ስለዚህ በዚሁ ሳምንት የሕፃናት ሐኪም ይያት፤ የጠዋት ኮርቲሶል ምርመራ እንዲታዘዝላት ጠይቁ። ስቴሮይድ ከሆነ እንዴት ቀስ በቀስ እየተቀነሰ እንደሚቆም የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ራሷን ከሳተች ወይም ማስመለሱ ካላቆመ 911 ደውሉ።

ሜርኩሪ ካለበት ግን ያኑ ቀን ማቆም ነው። «ከብር፣ ከወርቅና ከአሉሚኒየም አርቁ» የሚል ማስጠንቀቂያ፣ ወይም ካሎሜል (የሜርኩሪ ውሕድ) የሚል ቃል ካገኘሽበት ጠርጥሪ። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፤ እንቅልፍ ማጣት፣ መነጫነጭና የእጅ መንቀጥቀጥም ያመጣል። በፎጣና በትራስ ልብስ ስለሚተላለፍ ታናሿም አያቷም የሽንት ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ዕቃው ወደ ካውንቲው የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ እንጂ ወደ ቤት ቆሻሻ አይሄድም። ሌላው ማቅሊያ መድኃኒት ሃይድሮኪኖንም ቢሆን አሜሪካ ውስጥ ከ2020 ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም፤ ሲቆይ ሊያጠፉት የፈለጉትን ጥቁረት ወደ ሰማያዊነት በሚያደላ ጠባሳ መልክ ሊመልሰው ይችላል።

የምርቱን ምንነት ማወቅ ካልቻልሽ ለመርዝ መረጃ ማእከል ደውዪ፤ 1-800-222-1222። ሌት ተቀን ይሠራል፣ በነፃ ነው፣ አስተርጓሚም አለ።

የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ
አክስት ስለሆንሽ ብቻ ለሕክምና መፈረም አትችዪም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰው ወንድምሽ ነው። «አያትና እናት ያውቃሉ» ብሎ ዝም የሚል አባት ብዙ ነው፤ ግን እሱ ወላጅ ነው፣ ሐኪም ጋር ለመውሰድ ሌላ ፈቃድ አያስፈልገውም።

ልጅቷን አትመርምሪያት። «ማን መታሽ? በቀበቶ ነው?» ብሎ መልሱን አፏ ውስጥ ማስገባት በኋላ ቃሏን ያዳክመዋል። «ማታ ማታ ቤት ምን ይደረጋል?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በዪ። «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢላት፤ ቃልሽን ማጠፍሽ አይቀርም። ያለችውን በራሷ ቃላት፣ ቀኑን ጨምረሽ፣ ያንኑ ምሽት ጻፊው። ልብሷን አስወልቀሽ ፎቶ አታንሺ፤ ያ የሐኪም ሥራ ነው።

የሜሪላንድ ሕግ ልጅ ተጎድቷል ብሎ ለማመን ምክንያት ያለው ማንም ሰው ለካውንቲው የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ወይም ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ መምህርና ሐኪም ብቻ አይደለም። ምልክት የሚተው ምት ቅጣት ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የአእምሮ ጉዳትም በሕጉ ውስጥ አለ። ከመደወልሽ በፊት መማከር ከፈለግሽ ቻይልድሄልፕ የተባለው የሕፃናት ጥቃት የምክር መስመር 1-800-422-4453 አለ። ደወልሽ ማለት ያኑ ዕለት ልጅ ከቤት ትወሰዳለች ማለት አይደለም፤ አደጋው ይመዘናል፣ ብዙ ጊዜም ለቤተሰቡ ምክርና ክትትል ይታዘዛል።

ፀጉር ሠሪ
ሪላክሰሩን አሰርዙት። አልካላይነቱ ከባድ ነው፤ «ላይ (lye) የለውም» የሚባለውም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ አለበት፣ የልጅ ራስ ቆዳ ያቃጥላል። በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ፀጉር ማስተኛ ኬሚካል አዘውትረው በሚጠቀሙ ሴቶች ላይ የማህፀን ካንሰር በዝቶ ማግኘታቸውን አሳውቀዋል። ፒያስትራም ለፋሲካ መፍትሔ አይደለም።

ከርዳዳ ፀጉር የሚያስለቅሳት በደረቁ ስለሚበጠር ነው። በውኃና በኮንዲሽነር አርሱት፣ ከ4 እስከ 6 ቦታ ክፈሉት፣ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ሥር ውጡ። ከዚያ ሹሩባ። ግንባሯ ዙሪያ ትንንሽ እብጠት ከወጣ ወይም ራሷን ካመማት ጠብቋል፤ ያኑ ቀን ይፈታ። ትምህርት ቤቱ በተፈጥሮ ፀጉሯ ምክንያት ሊያገላት አይችልም፤ ሜሪላንድ በፀጉር ዓይነት ማግለልን የሚከለክል ሕግ አላት።

አክስቷ (ጠያቂ)
ወንድሜ ሐሙስ ሐኪም ቤት ሊወስዳት ቀጠሮ ያዘ። ግን አያቷን ምን ልበላቸው? ክፉ ሰው አይደሉም፤ «ባል እንድታገኝ ነው» ይላሉ።

የትምህርት ቤት አማካሪ
ልጅቷ በሌለችበት፣ ወንድምሽ አጠገብሽ ሆኖ፣ አጭር አድርጊው። «እማማ፣ እንደሚወዷት እናውቃለን። ሐኪሙ ይህ ክሬም ሰውነቷን እየጎዳ ነው ካለን ከእንግዲህ የምንቀባት እኛ ብቻ ነን። በስሟም ይጥሩልን።» ስለ ውበት ክርክር ከገባሽ ቀኑን ሙሉ ትሟገቻለሽ፤ የማይታለፈውን ብቻ ተናገሪ። ስድቡ በልጅቷ ፊት ከተደገመ ግን እዚያው፣ እየሰማች፣ «እዚህ ቤት እንዲህ አትጠራም» በዪ። ዝምታሽን ልጅቷ እንደ መስማማት ነው የምትቆጥረው።

ልጅ የቀለም ነገር አይገባትም የሚለውን አትመኑ። ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1940ዎቹ ከ3 እስከ 7 ዓመት ያሉ ጥቁር ልጆችን በነጭና በጥቁር አሻንጉሊት ሲጠይቁ፣ ብዙዎቹ ጥሩዋ ነጯ ናት ብለው መርጠዋል። ጥናቱ በ1954 ትምህርት ቤቶችን በዘር መለየትን በሻረው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ተጠቅሷል። የእናንተ ልጅ 9 ዓመቷ ነው፣ ደግሞም በየቀኑ ከታናሿ ጋር ትወዳደራለች።

«ጠይም ብትሆንም ቆንጆ ናት» የሚሉ ዘመዶች ይበዛሉ፤ ያንንም አስቁሙ። ለታናሿም «ቀይዋ» ማለት ይቅር፤ ፍቅሩ በቀለሟ እንደሆነ እሷም እየተማረች ነው። ሐሙስ ሐኪሙ ጋር ስትገቡ ልጅቷ ለብቻዋ የምታወራበት ጥቂት ደቂቃ እንዲሰጣት ጠይቁ፤ ሪፈራል ለሕፃናት የሥነ ልቦና አማካሪም ይጻፍላት። መጠበቂያው ረጅም ሊሆን ስለሚችል የትምህርት ቤቷን አማካሪ ከወዲሁ ኢሜይል አድርጉ።

ፋርማሲስት
አንድ ነገር ልጨምር፦ ቆዳዋ በሳሳበት ጊዜ ፀሐይ ይጎዳዋል። ሐኪሙ ሌላ እስኪያዝ ሽታ የሌለው ቫዝሊንና ዚንክ ኦክሳይድ ያለው፣ SPF 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቀቧት። ስክራብና ሎሚ ፈጽሞ እንዳይነካት። ለምን እንደምትቀባም ንገሯት፤ አለበለዚያ ይህንንም ሌላ ማቅሊያ ነው ብላ ትቆጥረዋለች።