ቆሮሶ አሳው በሞቀው ቀን ሳይሆን በቀዘቀዘው ጠዋት ለምን ታፈነ?

አሳ ጠባሿ

ሰላም ለቤቱ። ሐዋሳ ነኝ፣ አሞራ ገደል አጠገብ አሳ ጠብሼ ነው የማድረው። ከእናቴ ነው ሥራውን የተረከብኩት፤ 14 ዓመት ሆነኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጀልባዎቹ ሲገቡ እዚያ ቆሜ እጠብቃለሁ። ማታ የተጣለው መረብ ሲራገፍ ዓይኔ እያየ ነው የምገዛው። ትልቁ ወፍ አባ ኮዳም ከኋላዬ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ እሱ ግን አይከፍልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው መጋቢት ሙቀቱ ለጉድ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ነፋስ የሚባል ጠፋ፤ ሐይቁ እንደ መስታወት ረጋ። ከዚያ አንድ ማታ የበልጉ ዝናብ ከነነፋሱ ወረደ። ጠዋት ስደርስ ቆሮሶው ዳር ዳሩን አፉን ከፍቶ አየር ይለምናል። ልጆች በእጃቸው ይይዙታል። አምባዛ የሚባለው አሳ ግን ምንም አልሆነ! አንድ ሽማግሌ አሳ አጥማጅ "ውሃው ተገለበጠ" አሉና መረባቸውን ማጠፍ ቀጠሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። የዚያን ቀን አሳ በርካሽ ይሸጥ ነበር፣ እኔ ግን አልገዛሁም። ምን እንደነካው ሳላውቅ ለሰው አላበላም።

10ኛ ክፍል የሚማረው ልጄ "ግሎባል ዋርሚንግ ነው" አለኝ። እሱ መብራት ሲጠፋም እንደዛ ነው የሚለው። እኔ ያልገባኝ ይሄ ነው፦ ሙቀት ከሆነ የጎዳቸው፣ በሞቀው ሁለት ሳምንት ለምን ደህና ሆኑ? የታፈኑት እኮ ውሃው ሲቀዘቅዝ ነው።

ታቦር ሥር

እህቴ፣ ሽማግሌው በሁለት ቃል ጨርሰውታል። የውሃ ናሙና ስንወስድ ብዙ ጊዜ ያየሁት ነገር ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው።

ሾርባሽ ላይ ዘይቱ እንደሚንሳፈፈው፣ የሞቀ ውሃም ቀለል ስለሚል ከላይ ይቀመጣል። ቀዝቃዛው ከታች ይቀራል። በሐይቁ የዋኘ ሰው ያውቀዋል፤ ደረትሽ ሞቆት እግርሽን ይበርድሻል። ነፋስ ከሌለ ሁለቱ አይቀላቀሉም። ኦክስጅን ደግሞ የሚገባው ከአየርና ብርሃን ከሚያገኘው አልጌ (ውሃውን አረንጓዴ ከሚያደርገው ጥቃቅን ነገር) ነው፤ ሁለቱም ያሉት ላይ ነው። ታች የሚወርደው የሞተ አልጌና ቆሻሻ ሲበሰብስ እዚያ የነበረውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ቆሮሶሽ ከላይ ባለው ክፍል ይኖር ነበር። ምድር ቤቱ ግን ባዶ እየሆነ ነበር።

ከዚያ ነፋሱና ዝናቡ መጣ። ላይኛው ሲቀዘቅዝ ከበደና ወደ ታች ወረደ፤ አየር አልባው ውሃ ወደ ላይ ወጣ። አሳው በአንድ ሌሊት ታፈነ። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ ከአየር የሚተነፍስበት ክፍል አለው፤ ባልዲሽ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የማይሞተው ለዚህ ነው።

የዓለም ሙቀት እዚህ ጋ ነው የሚገባው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ በ20 ዲግሪ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል፣ በ30 ዲግሪ ግን ወደ 7 ተኩል ይወርዳል። ሐዋሳ ወደ 1,690 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ከዚያም ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ቀንሺለት። አሳው ደግሞ ሲሞቀው ብዙ ነው የሚተነፍሰው። ሌላም አለ፦ ውሃ ከ24 ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ የሚቀለው፣ ከ4 ወደ 5 ሲሞቅ ከሚቀለው ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር ሐይቅ ላይና ታቹን ለመለያየት አንዲት ዲግሪ እንኳ ቀላል አይደለችም።

ስለዚህ ልጅሽ ግማሹን አግኝቶታል። ያ አንድ ጠዋት ግን በዓለም ሙቀት ብቻ መጣ ማለት አይቻልም። እንዲህ ያለ መገልበጥ ድሮም ነበር፤ ሽማግሌው ስም ያወጡለት እኮ ስለሚያውቁት ነው።

መረብ ሰፊው

ሁሉን ነገር ሙቀት ላይ አታላክኩ ባካችሁ። ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽስ? ጨለለቃ ረግረጉ ድሮ የጥቁር ውሃ ወንዝን ደለል ያስቀር ነበር፤ አሁን እርሻ እየሆነ አፈሩ ቀጥታ ሐይቅ ይገባል። በጠባብ መረብ ጫጩቱን የሚያወጣውስ? ሙቀቱን ማን ይከሰዋል፤ እነዚህን ግን መክሰስ ይቻላል።

ታቦር ሥር

ወንድሜ፣ አልተጣላንም። ፍሳሹ አልጌውን ያበላዋል፤ አልጌው ሲሞት ታች የሚበሰብሰው ይበዛል። ቆሻሻው ባሩዱ ነው፣ ሙቀቱ ክብሪቱ።

ግን ሐይቅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካው ታንጋኒካ ሐይቅ ከ1,400 ሜትር በላይ ይጠልቃል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት እዚያ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ላይኛው ሲሞቅ መቀላቀሉ ቀነሰ፣ ታች ያለው ምግብ ወደ ላይ መውጣት አቃተው፣ አልጌው ሳሳ። የእኛው ጥልቁ ቦታ 20 ሜትር ቢያልፍ ነው፤ ነፋስ በቀላሉ ያምሰዋል። እዚያ መገልበጡ ጠፍቶ ይራባሉ፣ እዚህ በድንገት መጥቶ ይታፈናሉ።

የበልግ ልጅ

ይቅርታ በመሃል ልግባ። ዓለም ከሞቀ ሐይቁ መድረቅ አልነበረበትም? አንዳንድ ዓመት እንዲያውም ሞልቶ ዳሩን ይበላል።

ታቦር ሥር

አየር 1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ሐይቁን ይጠጣዋል፣ ሌላ ቀን ደግሞ በአንድ ዶፍ ይመልሰዋል። ሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባው ካልተነነ ወይም ወደ መሬት ካልሰረገ እዚያው ነው የሚከማቸው። የኬንያዎቹ ናይቫሻና ባሪንጎ ባለፉት ዓመታት ሞልተው ሰው አፈናቀሉ። የእኛው አብጃታ ሐይቅ ደግሞ ሸሸ፤ እሱ ግን ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና የሚውል ጨው) ማምረቻ ስለተወሰደ ጭምር ነው። እያንዳንዱን ሐይቅ ለብቻው ነው መጠየቅ ያለብን።

አሳ ጠባሿ

እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ አንብቦ "አላልኩሽም?" አለኝ። ግማሹን ነው ያልከው አልኩት፣ አኮረፈ።

አንዷን ብቻ ልጨምር፤ እንዲያ ያለ ጠዋት ዳር የተገኘውን አሳ ብገዛ ጥፋት አለው?

ታቦር ሥር

ሞቶ የተንሳፈፈውን አትንኪው፣ መቼ እንደሞተ አታውቂም። ውሃው አረንጓዴ ቀለም ደፍቶበት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ፤ አንዳንዱ አልጌ መርዝ ያወጣል። ያን ቀን አለመግዛትሽ ጥሩ አድርገሻል።

መረብ ሰፊው

አምባዛውን ግዢ። እሱ ዝናብም አይገድለው።

አሳ ጠባሿ

አምባዛ ለሾርባ እንጂ ለጥብስ ደንበኛ አይወድልኝም እኮ።