ደብረ ሲናን ሌሊት መውጣት፦ ጉልበታቸውን ከሚያማቸው እናት ጋር የቱ መንገድ ይሻላል?

ጠያቂ

ሰላም ለሁላችሁ። በጥር መጨረሻ ከእናቴ ጋር ግብፅ ወዳለው ደብረ ሲና ተራራ ልንሄድ ነው። ሌሊት ወጥተን ፀሐይ ስትወጣ ጫፉ ላይ ለመሆን አስበናል። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፤ በሜዳ ደህና ትሄዳለች፣ ደረጃ ስትወርድ ግን የቀኝ ጉልበቷን ያማታል። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ሁለት መንገድ አለ ይባላል፤ የቱ ይሻለናል? ግመል እስከ ጫፍ ያደርሳል? ስንት ሰዓት እንነሣ? ምን እንልበስ?

መንገደኛ

ወንድሜ፣ እናትህን በግመል መንገዱ አውጣቸው፤ በዚያው አውርዳቸው።

ሁለቱም መንገድ የሚነሣው ከቅድስት ካትሪና ገዳም ነው። የግመል መንገዱ ረዘም ያለ፣ ሰፊና እየተጠማዘዘ ቀስ ብሎ የሚወጣ ነው። ሌላው መነኮሳት በድንጋይ የሠሩት የደረጃ መንገድ ነው፤ እስከ ጫፉ 3,750 ደረጃ ገደማ አለው፣ በገደሉ መካከል ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሁለቱ የነቢዩ ኤልያስ ሜዳ በሚባለው ቦታ አጠገብ ይገናኛሉ። ከዚያ በላይ ያለውን የመጨረሻ 750 ደረጃ ሁሉም ሰው በእግሩ ይወጣዋል፤ ግመል የሚያደርሰው እዚያው ድረስ ብቻ ነው።

እንግዲህ እናትህ መቻል ያለባቸው እነዚህን 750 ደረጃዎች ወጥቶ መውረድን ነው። ከመሄዳችሁ አንድ ወር አስቀድማችሁ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ ላይ ሞክሩት። 200 ደረጃ ወጥተው ወርደው በማግሥቱ ጉልበታቸው ካበጠ፣ ከ750ዎቹ ደረጃዎች በታች ካሉት ሻይ ቤቶች ዘንድ ሆነው ፀሐይዋን ቢጠብቁ ይሻላል። ሲና መምጣታቸው በዚያ አይጎድልም።

ደረጃዎቹ እኩል የተጠረቡ አይደሉም። አንዱ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል፣ ቀጣዩ እስከ ጉልበት ይደርሳል። በላያቸው የተበተነው ደቃቅ የግራናይት ጠጠር ከጫማ ሥር እንደ ባቄላ እየተንከባለለ ያንሸራትታል። ሰው የሚወድቀው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ፣ ደክሞትና ቀና ብሎ እያየ ነው።

አስጎብኚ

ስለ ሰዓት ልጨምር። በጥር መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ብርቱ ሰው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ውስጥ ይደርሳል፤ እናንተ 3 ሰዓት ተኩል ያዙ። ስለዚህ ከገዳሙ ሥር 8 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት ይበቃል። ብዙ ቡድን 7 ሰዓት ላይ ይነሣና ጫፉ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ በነፋስ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ነውና መሪው «ሁለት ሰዓት ተኩል» ካላችሁ የኛ 8 ተኩል ማለቱ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ሁለቱንም ቆጠራ ጠይቃችሁ አረጋግጡ፤ በዚህ የቀረ ሰው ብዙ ነው።

ያለ በደዊን (የአካባቢው የበረሃ ዓረብ) መሪ መውጣት አይፈቀድም። በየኬላው ፍተሻ ስላለ ፓስፖርት ከኪስ አይለይ። የግመል ዋጋ ከመውጣታችሁ በፊት በግብፅ ፓውንድ ይቆረጥ፤ መውጣት ብቻ ነው ወይስ መልስም ጭምር የሚለው በግልጽ ይነገር። ዝርዝር ፓውንድም ያዙ።

ግመል ላይ ለማያውቅ ሰው፦ ግመል ሲነሣ የኋላ እግሩን ያስቀድማል፣ ተቀማጩ ወደ ፊት ይወረወራል። ሲንበረከክ ደግሞ የፊት ጉልበቱን ያስቀድማል፣ አሁንም ወደ ፊት ነው። ሁለቱም ጊዜ የኮርቻውን እንጨት ጨብጦ ወደ ኋላ መለጠጥ ነው። ግመሉ የገደሉን ጠርዝ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ጎተት አታድርጉት፣ መንገዱን ያውቃል። ቁጭ ያለ ሰው ከሚራመደው ይልቅ ይበርደዋል፤ ለእናትህ ጓንትና ብርድ ልብስ ከመነሻው ይሁን። ነጠላው በቦርሳ ይግባ፤ ጫፉ ኮርቻና ድንጋይ ላይ ይያዛል።

ጽናት

የደረጃውን መንገድ ለምን ታስፈሯቸዋላችሁ? አባቶች የወጡበት መንገድ እኮ ነው።

መንገደኛ

ልክ ነህ፤ ጉልበቱ ደህና የሆነ ሰው በቀን ቢሄድበት መልካም ነው። በጨለማ ግን ምልክቱ ይጠፋል፣ የሚታመም ጉልበት ይዞ መውረድም አይመከርም። የጠያቂው እናት በግመል መንገድ ሲወርዱ እሱ ከሌላ መሪ ጋር በደረጃው ሊወርድ ይችላል፤ መሪያችሁ አንድ ብቻ ከሆነ ግን አትለያዩ።

ነርስ ነኝ

የጫፉ ከፍታ 2,285 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሰፈር ሞልቷል። ስለዚህ የአየር ማነስ አያሰጋችሁም። የሚያሰጋው ብርድ፣ የውሃ ማነስና ጉልበት ነው።

ብርዱ፦ በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጫፉ ላይ ነፋስ ይጨመርበታል። ሰው የሚታመመው ወፍራም ጃኬት ለብሶ ሲወጣ በላብ ተነክሮ፣ ጫፉ ላይ ሲቀመጥ ላቡ ሲቀዘቅዝበት ነው። ስትነሡ ትንሽ እየበረዳችሁ ተነሡ። ጃኬቱ በቦርሳ ይሁን። ከ750ው ደረጃ በፊት ካለው ሻይ ቤት ውስጥ እርጥቡን ካናቴራ በደረቅ ቀይራችሁ ከዚያ ልበሱ። ከውስጥ ጥጥ አይሁን፤ ላብ ይይዛል።

ጉልበቱ፦ ሲወጡ ደህናው ግራ እግር ይቅደም። ሲወርዱ የታመመው ቀኝ ከምርኩዙ ጋር አብሮ ይቅደም። ምርኩዙ በግራ እጅ ነው፤ ለመውረድ ከሜዳው ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይርዘም። በየ50 ደረጃው ቆመው ይተንፍሱ፤ ብዙ አይቀመጡ፣ ጉልበቱ ይደርቃል።

ሕመሙን አስቀድሞ ለማፈን ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ ይቅር። ውሃ ባነሰው ሰውነት ኩላሊት ይጎዳል፣ በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ። ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ ያዙ። ብርድ ስለሆነ ጥም አይሰማም፤ በየግማሽ ሰዓቱ መጎንጨት ነው። ጾም ላይ ከሆናችሁ ተምርና ቆሎ ይበቃል። ደረት ከጨነቀ ወይም ማዞር ከመጣ እዚያው መመለስ ነው፤ አምቡላንስ አይደርስም።

ጫማው ቢያንስ ለሦስት ሳምንት የተለማመዱት ይሁን፤ ከአውራ ጣት ፊት የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ከሌለው ሲወርዱ ጥፍር ይጠቁራል። ባትሪው ግንባር ላይ የሚታሰረው ይሁን፤ በስልክ መብራት አንድ እጅ ይያዛል።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ጫፉ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ይከፈታል? ከወረድን በኋላስ ገዳሙ ውስጥ መግባት እንችላለን?

አስጎብኚ

ጫፉ ላይ ያለው የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በ1934 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ነው የሚገኘው። ጸሎት ከደጁ ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ለእናትህ ነፋስ የማይደርስበት ግድግዳ ቀድማችሁ ያዙላቸው።

ገዳሙ ለጎብኚ የሚከፈተው ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ይሆናል። እሑድና በበዓላት ዝግ ነው፣ ዓርብም አያስተማምንም፤ ስለዚህ የምትወጡበትን ሌሊት ለማክሰኞ፣ ለረቡዕ ወይም ለሐሙስ ማለዳ አድርጉት፤ ሰዓቱንም በዋዜማው ጠይቁ። ገዳሙ የግሪክ ኦርቶዶክስ ስለሆነ ሥርዓተ ቁርባኑ ከኛ ጋር አንድ አይደለም፤ ቀድማችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ነጠላው የሚወጣው እዚህ ነው። የምትነድደው ዕፀ ጳጦስ ቤተ መቅደስ ጫማ ወልቆ ነው የሚገባው፤ ደረቅ ካልሲ ለዚያ አስቀምጡ፣ ከሌሊቱ ጉዞ የተረፈው እርጥብ ነው።