ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደርሶኛል፤ የፍሬሽማን (የመጀመሪያ) ዓመት ኑሮ እንዴት ነው?

ቤዛ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ምደባ ወጥቶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደርሶኛል፤ ናቹራል (የተፈጥሮ ሳይንስ) ነኝ። በቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ስለሌለ የምጠይቀው አጣሁ። ቴሌግራም ላይ አንዱ «ግቢ ገነት ነው» ይላል፣ ሌላው «ሲኦል ነው» ይላል፤ ሁለቱም አልጠቀሙኝም። እኔ የምፈልገው ቁም ነገሩን ነው። ካፌ ልሁን (ግቢው ውስጥ ልብላ) ወይስ ነን ካፌ (የምግቡን ብር ተቀብዬ ውጭ ልብላ)? ቤተሰቦቼ በወር ከ2,000 ብር በላይ መላክ አይችሉም። ምን ይዤ ልሂድ? ምኞቴ ጤና ነው፤ ዲፓርትመንት የሚወሰነው በምንድን ነው? ፍሬሾችስ ብዙ ጊዜ የሚወድቁት የቱ ጋ ነው? የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።

የፔዳ ልጅ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ከሁሉ በፊት የትኛው ግቢ እንደምትገቢ ለይተሽ እወቂ። ፔዳ አለ፣ ፖሊ አለ፣ ሰላም አለ፣ ይባብ አለ፤ ዘንዘልማ ደግሞ ከዓባይ ማዶ በጎንደር መንገድ ነው። መናኸሪያ ወርደሽ ባጃጅ ይዘሽ «ዩኒቨርሲቲ» ብቻ ካልሽ ሻንጣሽን ይዘሽ የማይሆን በር ላይ ልትቆሚ ትችያለሽ። የጥሪ ማስታወቂያው ማን የት እንደሚመዘገብ ይገልጻል። እሱን ስልክሽ ላይ አስቀምጪው፤ መንገድ ላይ ኔትወርክ ባይኖርም ታነቢዋለሽ።

ወረቀት ላይ አትቀልጂ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ሁለቱም ዋናውና ኮፒው። የፋይዳ ቁጥርሽንም ያዢ። 3 በ4 ጉርድ ፎቶ ጥሪው 4 ቢልም አንቺ 8 አድርጊው፤ ለመታወቂያ፣ ለሚል ካርድ (ለካፌ መመገቢያ ካርድ)፣ ለወጪ መጋራት ውል እየተባለ ያልቃል፤ ግቢ በር ላይ ያለው ፎቶ ቤት ደግሞ ያን ሰሞን ሰልፉ አያድርስ ነው።

ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት ግን ስም ነው። ስምሽ፣ የአባትሽና የአያትሽ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ትራንስክሪፕቱ ላይ በአንድ ኤስ፣ ፈተና ውጤቱ ላይ በሁለት ኤስ፣ ፋይዳው ላይ ደግሞ በሌላ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ዛሬውኑ አመሳክሪ። ስህተት ካለ ከደሴ ሳትወጪ ትምህርት ቤትሽ ሄደሽ አስተካክይ። ሬጅስትራር አንዴ ያስገባውን ስም በኋላ ለማስቀየር የደብዳቤ ምልልሱ ያደክማል፤ ዲግሪሽ ላይ የሚጻፈውም ያው ነው።

ከጥሪው ቀን ቀድመሽ አትሂጂ፣ ዶርም አይከፈትልሽም። ቀኑ ካለፈ በኋላም አትሂጂ።

ብሎክ 4

ዶርምን እኔ ልመልስልሽ። ክፍሉን ከብዙ ሰው ጋር ትጋሪያለሽ፤ አልጋው ተደራራቢ ነው፤ አንድ ሎከር ይደርስሻል። ብርድ ልብስ፣ አንሶላና የትራስ ልብስ ከቤት ነው የሚመጣው። ባሕር ዳር ሞቃት ስለሆነ ከደሴ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ተሸክመሽ አትልፊ፣ ቀለል ያለው ይበቃል። የስፖርት ልብስና ጫማ ያዢ፣ ለፊዚካል ፊትነስ ኮርስ ግዴታ ነው። ባልዲ፣ ነጠላ ጫማና ጀሪካን እዛው ግዢ፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ሁሉ ጀሪካን የሌለው ሰው ለማኝ ነው የሚሆነው። ጓጉንቸር ቁልፍ ስትገዢ ርካሹን ተይው። ሎከር ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚለቀው ቁልፉ ሳይሆን ቁልፉ የሚገባበት ቀለበት ነው፤ ስትረከቢ ቀለበቱን ጎትተሽ ፈትሺ፣ ከላላ ለፕሮክተሯ (ለዶርም ተቆጣጣሪዋ) በዚያው ቀን አስመዝግቢ።

አልጋሽ ላይ አንሶላ ከማንጠፍሽ በፊት በስልክ መብራት የአልጋውን መጋጠሚያዎችና የፍራሹን ስፌት እዪ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን አለ ማለት ነው። ፍራሹን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አስመቺው፣ በብረቱ መጋጠሚያ ላይ የፈላ ውኃ አፍስሺ፣ ልብስሽን ክፍሉ እስኪረጭ ድረስ በላስቲክ ቋጥረሽ አቆዪ። አንዳንዶች ነጭ ጋዝ ይቀባሉ፤ ይሄ ብዙ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ እሳት መጥራት ነው፣ እባክሽ እንዳታደርጊው።

አጎበር ያዢ፣ ባሕር ዳር የወባ አካባቢ ነው። የታችኛው አልጋ ከደረሰሽ ማሰሪያዎቹን ከላይኛው አልጋ ብረት ጋር አሥረሽ ጫፉን ፍራሹ ሥር ትወትፊያለሽ። የላይኛው ከደረሰሽ ግን ማሠሪያ የለም፤ ከመስኮቱ ብረት እስከ ተቃራኒው ግድግዳ የሚደርስ ሲባጎ ያስፈልግሻል። ትኩሳትና ራስ ምታት ከመጣ ፋርማሲ ሄደሽ በግምት መድኃኒት አትግዢ፤ የተማሪዎች ክሊኒክ ደም ይመረምርሻል። ክሊኒክ መሄድ ሌላም ጥቅም አለው፦ ፈተና ካመለጠሽ ሜክአፕ (ማካካሻ ፈተና) ለመጠየቅ የምታቀርቢው ማስረጃ ከዚያ የተጻፈው ነው። ከዳነች በኋላ ወረቀት ልታጽፍ የምትሄድ ልጅ ብዙ ጊዜ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

የኤሌክትሪክ ምድጃ አትግዢ። የብሎኩ መስመር ለአምፖልና ለቻርጀር የተዘረጋ ስለሆነ አንድ ምድጃ ሲሰካ የፎቁ መብራት ሁሉ ሊጠፋ ይችላል፤ ሲገኝም ይወረሳል።

ዳቦ በሻይ

ካፌ ሁኚ። ስሌቱን ልንገርሽ። በ2017 ዓ.ም. ለተማሪ የሚመደበው የቀን የምግብ ተመን ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል፤ ነን ካፌ ስትሆኚ ምግቡ ቀርቶ ይኸው ተመን በጥሬ ገንዘብ ይሰጥሻል። በ100 ብር ብናሰላው በወር 3,000 ነው። አሁን ግቢው በር ላይ ያሉትን ምግብ ቤቶች ዋጋ ጠይቂ፣ የቁርስ የምሳና የእራቱን ደምረሽ በ30 አባዢ፣ 3,000ውን ቀንሺ። የሚቀረው ከቤተሰብሽ 2,000 ላይ የሚወጣ ነው። ከዚያው 2,000 ላይ ደግሞ ሳሙና፣ ሞዴስ፣ የኢንተርኔት ጥቅል፣ ፎቶ ኮፒና ትራንስፖርት አለ። በዚህ ላይ የነን ካፌ ገንዘብ ወሩ በገባ በአንደኛው ቀን ይገባል ብለሽ አትጠብቂ፤ ሲዘገይ ዱቤ ይመጣል፣ ዱቤ ደግሞ የሚቀጥለውን ወር ይበላል።

ካፌ ጠዋት ዳቦ በሻይ ወይም ፍርፍር፣ ምሳና እራት እንጀራ በሽሮ፣ በምስር፣ በክክ ነው። አይጣፍጥም፣ ግን አይቀርም። ሰልፉ የሚረዝመው ከክፍል መውጫ ሰዓት ጋር ስለሚገጥም ነው፤ በሩ እንደተከፈተ ወይም ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ሂጂ። ሚል ካርድ ከጠፋብሽ ተተኪው እስኪሠራ ያለ ምግብ የምትቆዪበት ቀን ስለሚኖር ከመታወቂያሽ ለይተሽ ያዢው። ሁለቱ አብረው ሲጠፉ ነው ጣጣው የሚበዛው።

ኮንትራት ተመጋቢ

ከላይ ያለው ወንድሜ ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን ለሁሉም ሰው አይሠራም። ጨጓራ ላለበት በየቀኑ ሽሮና ምስር ሕመም ነው። ሁለት ሦስት ሴቶች ሆናችሁ ከአንዲት ምግብ ቤት ጋር ኮንትራት ብትገቡ ለብቻ ከመብላት ይረክሳል። ስትዋዋሉ ግን ሦስት ነገር አስረግጣችሁ ጠይቁ፦ ጭማሪ እንጀራ ይታሰባል ወይ፣ ያልተበላ ቀን ይካካሳል ወይ፣ በጾም ዋጋው ያው ነው ወይ። የወሩን በሙሉ ቀድማችሁ አትክፈሉ፤ በ15 ቀን ክፈሉ፣ ቤቱ ሲያበላሽ መውጣት እንድትችሉ። ጨጓራ ብቻ ከሆነ ችግሩ ደግሞ ነን ካፌ ከመሆንሽ በፊት በሐኪም ወረቀት የተለየ ምግብ የሚሰጥ መሆኑን ካፌው ኃላፊ ጋ ጠይቂ።

እንደ ቤዛ በ2,000 ብር ለሚኖር ፍሬሽ የእኔም ምክር የመጀመሪያውን ሴሚስተር ካፌ ነው። ምርጫው የሚሞላው ምዝገባ ላይ ነው፣ መሐል ላይ መቀየር አስቸጋሪ ነው።

አስጠኚው

ቤዛ፣ ዋናው ጥያቄሽ ዲፓርትመንቱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለእሱ ነው የሚያገለግለው። ምደባው የ12ኛ ክፍል መግቢያ ፈተና ውጤትና የፍሬሽማን ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) በየድርሻቸው ተደምረው ነው፤ ለሴቶች የሚታከል የድጋፍ ነጥብም አለ። የመግቢያ ውጤትሽ ከእንግዲህ አይለወጥም፤ በእጅሽ ያለው ጂፒኤው ነው። ልብ በይ፣ የናቹራል ተማሪዎች በብዙ ግቢ ከመጀመሪያው ሴሚስተር በኋላ ወደ ኢንጂነሪንግና ወደ ሌላው ይከፈላሉ። ስለዚህ ጤና የምትፈልግ ልጅ «አንደኛ ሴሚስተርን ልላመድ፣ ሁለተኛ ላይ እቸክላለሁ» ማለት አይበጃትም።

አሁን የማርክ አሰጣጥ ስኬሉን እዪ። 85 እና ከዚያ በላይ ኤ 4.0፣ ከ80 ጀምሮ ኤ ማይነስ 3.75፣ ከ75 ቢ ፕላስ 3.5፣ ከ70 ቢ 3.0፣ ከ65 ቢ ማይነስ 2.75፣ ከ60 ሲ ፕላስ 2.5፣ ከ50 ሲ 2.0። ደረጃዎቹ እኩል እንዳልሆኑ ታያለሽ? ከ80 ወደ 79 ብትወርጂ የምታጪው 0.25 ነው፤ ከ75 ወደ 74 ብትወርጂ ግን 0.5 ነው። ከ60 ወደ 59ም እንዲሁ። 74 ላይ ያለች ልጅ ከአንድ ኩዊዝ በመቅረቷ ግማሽ ነጥብ ትከፍላለች። 18 ክሬዲት በያዘ ሴሚስተር አንዱ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ከኤ ወደ ሲ ፕላስ ቢወርድ ጠቅላላ ጂፒኤሽ በ0.25 ይቀንሳል፤ ብዙ ልጆች ጤና የሚያመልጣቸው ከዚህ ባነሰ ልዩነት ነው።

የናቹራል ልጆች የሚጎዱት ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ብቻ አይደለም። ሳይኮሎጂን፣ ጂኦግራፊንና ሎጂክን «የንባብ ኮርስ» እያሉ ለፈተና ዋዜማ ያስቀምጧቸዋል፤ ክሬዲታቸው ግን ጂፒኤ ላይ የሚቆጠረው እንደ ሒሳቡ ነው። ሎጂክን ልውሰድ። ሞጁሉ ስድስት ምዕራፍ ነው። ሰው የሚወድቀው አምስተኛው፣ ፋላሲ (የተሳሳተ አመክንዮ) ላይ ነው፤ ስማቸውን ሸምድዶ ይገባና ሁለት ተመሳሳይ ፋላሲ ምርጫ ውስጥ ሲመጡለት መለየት ያቅተዋል። መሸምደዱን ተይና ለእያንዳንዱ ፋላሲ ራስሽ አንድ የአማርኛ ምሳሌ ጻፊ፣ ከሥሩ «ከእገሌ ፋላሲ የሚለየው በዚህ ነው» በይ። ስድስተኛው ምዕራፍ ደግሞ በተቃራኒው የነጻ ነጥብ ነው፦ ፕሮፖዚሽን (ዓረፍተ ነገር) ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ ተብሎ አራት ዓይነት ነው፤ ኮንቨርሽን የሚሠራው ለኢ እና ለአይ፣ ኮንትራፖዚሽን የሚሠራው ለኤ እና ለኦ፣ ኦብቨርሽን ለአራቱም። ይህን በአንድ ማታ ለምደሽ ፈተና ላይ አንድም ነጥብ አትጥይም።

ሒሳቡ በፕሮፖዚሽናል ሎጂክና በሴት (በስብስብ) ይጀምራል፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስለሚመስል ሰው ይዘናጋል። ቀጥሎ ኮምፕሌክስ ነምበር፣ ፈንክሽን፣ መጨረሻ ላይ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ይመጣል፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ብዙ ጊዜ በሩጫ ነው የሚሸፈነው፣ ፋይናል ላይ ግን በደንብ ይመጣል። ፓራቦላ፣ ኤሊፕስና ሃይፐርቦላን ከሚድ (ከአጋማሽ ፈተና) በፊት በራስሽ ጀምሪያቸው። ዎርክሺት ከሲኒየር ውሰጂ፣ መልሱን ግን አትውሰጂ።

ላይብረሪ ፈተና ሲደርስ ቦታ አይገኝም። ማታ ክፍት የሚሆኑትን መማሪያ ክፍሎች ከአሁኑ እወቂ፤ ከዶርም ልጆች ጋር ሆነሽ ሂጂ፣ ስትመለሱም አብራችሁ ተመለሱ።

ቤዛ ከደሴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ስሜን አመሳከርኩት፤ እውነትም ትራንስክሪፕቱ ላይ የአያቴ ስም ይለያል፣ ሰኞ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ወጪ መጋራት የተባለው ውል ምንድን ነው? ከታመምኩ ወይም ቤት ችግር ከመጣ ዓመቱን አቋርጬ መመለስ ይቻላል?

ክሊራንስ

ወጪ መጋራት በአውሮፓውያኑ 2003 በወጣ ደንብ የመጣ ነው። የምግብና የመኝታሽን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 ከመቶ ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ ትከፍያለሽ። ውሉ በየዓመቱ ይፈረማል። ቀላል አድርገሽ አትፈርሚ፤ በቀን 100 ብር የሚታሰብ ምግብ በ10 ወር 30,000 ነው፣ በአራት ዓመት 120,000፣ መኝታው ሳይጨመር። ነን ካፌ ሆነሽ የተቀበልሽው ጥሬ ገንዘብም ከዚሁ ዕዳ ውስጥ ነው፤ ብዙ ሰው ነጻ ብር ይመስለዋል። የተጻፈውን ቁጥር አንብቢ፣ ነን ካፌና ካፌ የሚለው ሣጥን በትክክል መሞላቱን እዪ፣ ኮፒውን ወይም ፎቶውን አስቀምጪ። ዕዳው ሳይዘጋ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማውጣት ችግር ነው።

ማቋረጥ ይቻላል፣ ግን በወረቀት ነው። የዊዝድሮዋል ፎርም ሞልተሽ፣ ምክንያቱን በማስረጃ አቅርበሽ፣ ከዶርም፣ ከላይብረሪ፣ ከካፌ ክሊራንስ (ንብረትም ዕዳም የለባትም የሚል ማረጋገጫ) አስፈርመሽ፣ መታወቂያና ሚል ካርድ መልሰሽ፣ የተፈረመውን ቅጂ ይዘሽ ትወጫለሽ። ለመመለስ ደግሞ ሪአድሚሽን በተለጠፈው ጊዜ ማመልከት አለብሽ። ሻንጣዋን ይዛ ዝም ብላ የሄደች ልጅ ግን ፋይናል ያልተቀመጠችባቸው ኮርሶች ኤፍ ሆነው ይጠብቋታል፣ መመለሻዋም ይጠባል። ሰው ታሞ በራሱ መምጣት ካልቻለ ቤተሰብ በውክልና ሊያስፈጽምለት ይችል እንደሆነ በዚያው ሳምንት ለሬጅስትራር ደውሎ መጠየቅ ነው፤ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ማስረጃ ብዙም አይረዳም።