የዕቅድ ውይይት፦ የግቢያችን መዋኛ ገንዳ ሙቀት፣ ከፋሲካ በፊት ለኮሚቴው የሚገባ የጋራ ሐሳብ

ቤት 7
ገንዳው ዘንድሮም ፈላ። ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 30 ዲግሪ ደርሷል። ደረጃው ላይ አረንጓዴው የሚያንሸራትት ነገር ጀምሯል። ክሎሪኑም ቶሎ ቶሎ ያልቃል፤ ውሃ ሲሞቅ እንዲያ ነው። የእኔ ሐሳብ ይኼ ነው፦ ከላይ የጥላ መረብ እንወጥር፣ ፓምፑን በቀን ሳይሆን ሌሊት እናዙር፣ ሰማያዊውን ሸራ ማታ ማታ እናንሳ። በቤት 3,000 ብር ይበቃል።

ቤት 2
የሚሞቀው ቀን፣ ፓምፑ የሚዞረው ሌሊት? አልገባኝም።

ቤት 7
ማታ አየሩ እስከ 15 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። የእኛ ውሃ ግን ሸራ ለብሶ ያድራል። ሸራው ትነቱን አፈነው ማለት ነው። ውሃን የሚያበርደው ደግሞ ትነት ነው፤ እንስራ ላብ እያወጣ ውሃውን እንደሚያቀዘቅዘው። ፓምፑ ውሃውን ወደ ገንዳው የሚመልስበትን ቱቦ አንድ ሜትር ከፍ አድርገን ውሃው እየተረጨ ቢወድቅ ትነቱ ይጨምራል። ገንዳችን 70 ሜትር ኩብ ነው። 3 ዲግሪ ለማውረድ ወደ 360 ሊትር ቢተን በቂ ነው። ሁለት በርሜል አይሞላም። አሁን ዝናቡ ሳይገባ፣ አየሩ ደረቅ እያለ ነው የሚሠራው።

ቤት 10
በረዶ ገዝተን ብንጨምርስ? አሳ ነጋዴዎቹ ጋ አይጠፋም።

ቤት 7
ለዚያችው 3 ዲግሪ 20 ኩንታል ያህል በረዶ ይፈጃል። በማግስቱ ፀሐይዋ ትመልሰዋለች።

ቤት 4
ጣና አፍንጫችን ሥር እያለ ስለ በረዶ እናወራለን። በፓምፕ ሳብ ማድረግ ነው።

ቤት 12
ቢልሃርዚያስ? ልጆች የሚገቡበት ውሃ ነው እኮ። ደግሞ ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከዳር የምትስበው ለብ ያለ ድፍርስ ነው። ይኼ ይዘጋ።

ቤት 11
የመረቡን ዋጋ እኔ አጣራለሁ። ቅዳሜ ገበያ እወርዳለሁ።

ቤት 9
መረቡ ምን ዓይነት ቀለም ነው?

ቤት 7
በብዛት ያለው አረንጓዴ ነው።

ቤት 9
አረንጓዴማ አይሆንም። ሕንፃ ሲሠራ የሚጋርዱበት እኮ ነው። ሰው ሲያልፍ ግቢው ገና ያላለቀ ነው የሚመስለው። ስንት ዓመት ለፍተን ነው እዚህ ያደረስነው?

ቤት 5
እውነቷን ነው። ነጭ ይሁን።

ቤት 2
ነጭ በአንድ ወር አቧራ ጠጥቶ ቡኒ ይሆናል። ማን ሊያጥበው?

ቤት 6
ጥቁር ይሁንና እንገላገል።

ቤት 5
ጥቁር? በፋሲካ? የለቅሶ ድንኳን አደረግኸው።

ቤት 7
ቀለሙን ለጊዜው ተዉት። ወሳኙ የሽመናው ጥቅጥቅነት ነው፤ 70 ወይም 80 በመቶ የሚከልለውን እንግዛ። በሚያዝያ አጋማሽ ባሕር ዳር ላይ ቀትር ሲሆን ፀሐይ ልክ አናት ላይ ናት። በዚያ ሰዓት ግንቡም ማንጎውም ለገንዳው ጥላ አይሰጡም። ከላይ መጋረድ ብቻ ነው። ከፍ ብሎ ይወጠር፣ በሰሜን በኩል ክፍት ይተው። ከሰዓት የሐይቁ ነፋስ በዚያ ነው የሚገባው፤ እሱን ከዘጋነው ትነቱንም ዘጋነው።

ቤት 9
አንተ ጓሮ ነህ፣ አታየውም። የእኔ በረንዳ ፊት ለፊቱ ነው። ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስወጣ የማየው እሱን ነው። ለእኔ ቀለም ትንሽ ነገር አይደለም።

ቤት 6
የአጥሩ ቀለም ጊዜም እንዲሁ ሁለት ወር አስቆማችሁን።

ቤት 9
ያኔ ድርሻውን ሳይከፍል የቀረው ማን እንደነበር ገንዘብ ያዡ ይናገር።

ገንዘብ ያዥ
ያ ተዘግቷል። እዚህ አይነሳ።

ቤት 6
ለምን አይነሳም? ሰው እየተሰደበ! በዚህ ነገር አትቁጠሩኝ። ብሬንም አልሰጥም።

ቤት 12
ቆይ፣ ዋናው ነገር ተረሳ። ሸራው ማታ ከተነሳ ልጅ ቢገባስ? እኔ ገና እግሩን ያጠና ልጅ አለኝ።

ቤት 7
ልክ ነሽ። ሸራው ራሱ ግን ልጅ አይሸከምም፤ ሥሩ ነው የሚያስገባው። መከላከያ አድርገን አንቁጠረው። የገንዳው አጥር በር ራሱን የሚዘጋና የሚቆለፍ ይሁን። መጀመሪያ እሱ ይጻፍ።

ቤት 5
ክሬም ቀለምስ አለ? አቧራም አያሳይም።

ቤት 2
ቤት 11 ገበያ ወርዶ ነበር አይደል? የታለ?

ቤት 10
ስልኩ አይነሳም።

ቤት 3
ልጆቼ፣ ረጋ በሉ። እትዬም፣ አንተም ቤት 6። የሐይቅ ዳር ሰው ሆነን በፕላስቲክ መረብ እንጣላለን እንዴ? በደንገል እንክደነው። ታንኳ የሚሠሩት ልጆች ያምጡልን። ያምራል፣ ቀለሙም አያጣላም።

ቤት 9
ጋሼ ያሉት ይሻላል። በደንገል ተስማምቻለሁ።

ቤት 6
ደንገል ከሆነ እኔም አለሁ። ለጋሼ ስል ነው።

ቤት 7
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው። ደንገል ሲደርቅ ይሰባበራል። ፍርፋሪው ውሃው ላይ ወድቆ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። መረብ ማታ ይጠቀለላል፣ ደንገል አይጠቀለልም። ውሃው ሌሊቱን ሰማይ እያየ ካላደረ ሙቀቱን እንደ ልብ አይለቅም። ክብደቱም ሌላ ምሰሶ ይጠይቃል።

ቤት 3
እንግዲያው ገንዳው ላይ አይሁን። ከማንጎው ሥር ዳስ እናድርገው። ከዋና የወጡት ይቀመጡበታል፣ እኛም ቡና እንጠጣበታለን።

ቤት 5
ለልደትና ለቀለበት ብናከራየውስ? ዳሱም ገንዳውም ለፎቶ ይሆናል። ሐይቁ ዳር ያሉት ቦታዎች ስንት እንደሚያስከፍሉ ታውቃላችሁ።

ገንዘብ ያዥ
ገቢ ካለው ኮሚቴው ፊት እኔ እቆምለታለሁ። መረብ ወጪ ብቻ ነው።

ቤት 4
ለእንግዳ ከሆነ መብራትና መታጠቢያ ይግባለት።

ጸሐፊ
እስካሁን የተስማማነውን እንዲህ ጽፌዋለሁ። ከማንጎው ሥር 6 በ4 ሜትር የደንገል ዳስ፣ መብራት ያለው። ለገንዳው በር መቆለፊያ። የጥላ መረብ፣ ቀለሙ ሲወሰን። መዋጮው በቤት 4,500 ብር።

ቤት 7
ፓምፑስ? ሸራውስ? ብር የማይጠይቁት ሁለቱ ነገሮች ቀሩ እኮ። የተነሳነው ውሃውን ለማቀዝቀዝ ነው፤ ዳስ ውሃ አያቀዘቅዝም። በ30 ዲግሪ ገንዳ እንግዳ ልትጠሩበት ነው?

ጸሐፊ
ፓምፑ ላይ ስምምነት አላየሁም። ካላችሁ እጨምራለሁ።

ገንዘብ ያዥ
ሌሊቱን ከዞረ ቆጣሪው በማን ስም ሊከፈል ነው?

ቤት 7
በማኅበሩ ነዋ! ሰዓቱ ተለወጠ እንጂ አልተጨመረም። በቀን የሚሠራውን ስድስት ሰዓት ወደ ሌሊት ማዛወር ነው። ክሎሪኑንም ማታ እንጨምረዋለን፤ ቀን ፀሐይ ነው የሚበላው።

ቤት 9
ሲንጠባጠብ ያድራል ማለት ነው? መኝታ ቤቴ እኮ በዚያ በኩል ነው።

ቤት 7
በሩ እስኪቆለፍ ሸራውን አላነሳም፣ ቤት 12 ባለችው እቆማለሁ። ቁልፉን ዛሬ በራሴ ብር እገዛለሁ። ቱቦውን ከእትዬ መስኮት ርቆ ባለው ጥግ አስራለሁ። ጠዋት ጠዋት ዲግሪውን እዚህ እጽፋለሁ። ጸሐፊ፣ ይኼንንም አስገባው።

ቤት 12
እኔ ደግፌያለሁ።

ቤት 3
የደንገሉን ሰው አግኝቼዋለሁ። ቀብድ ይፈልጋል። ዛሬ ማታ ማን ይልክልኛል?