አየር ወይስ ናይትሮጅን፦ ማዕድንን በአረፋ ስለ መለየት

አወያይ፦ በሰሜን ሸዋ ማዕድንን በአረፋ አንሳፍፎ የሚለይ ፋብሪካ ቢቋቋም፣ ከተራ አየር ይልቅ ናይትሮጅን መጠቀም ይኖርበታል ወይ?

መሐንዲስ፦ አይኖርበትም። አረፋው ውሃ የማይረጥበውን ቅንጣት ተሸክሞ ይወጣል፤ ለዚህም ወሳኙ የአረፋው መጠንና ጥንካሬ እንጂ በውስጡ ያለው ጋዝ አይደለም። የሙሽ ሸለቆን የድንጋይ ከሰል እናጥባለን ብንል እንኳ ወጪው ከሰሉ ከአረፋው ጋር እንዲጣበቅ ለሚረዳው ናፍጣና ለአረፋ ፈጣሪ ኬሚካል መዋል አለበት፤ አየር ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው።

የኬሚስትሪ መምህር፦ ኢንጂነር፣ ስለ ከሰል የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ ድኝ ያዘሉ (ሰልፋይድ) ማዕድናት ላይ ግን አልስማማም። ከአየሩ 21 በመቶ የሚሆነው ኦክስጅን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቅንጣቱን ከአረፋው ጋር የሚያጣብቀው ዛንቴት የተባለ ኬሚካል፣ በፓይራይት (የብረትና የድኝ ማዕድን) ላይ ዘይታማ ሽፋን የሚሠራው ኦክስጅን ሲኖር ነው፤ ሲበዛ ደግሞ የማዕድኑን ገጽ በዝገት መሰል ልባስ ሸፍኖ ከአረፋው ያርቀዋል። ሞሊብዲነም የተባለውን ብረት ከመዳብ ለመለየት፣ መዳቡ እንዳይንሳፈፍ ሶዲየም ሃይድሮሰልፋይድ ይጨመራል፤ አየር ከተነፋ ኦክስጅኑ ኬሚካሉን ስለሚጨርሰው ደጋግሞ መጨመር ግድ ይሆናል። በዚህ ሥራ ናይትሮጅን ወጪ ቆጣቢ ነው። በአሜሪካ ኔቫዳ የሚገኘው የሎን ትሪ የወርቅ ማዕድን ማውጫም ወርቅ ያዘለውን ፓይራይት በናይትሮጅን ያንሳፍፍ ነበር።

መሐንዲስ፦ መምህር፣ ሎን ትሪ እኮ ለአውቶክሌቭ (ማዕድኑን በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ለሚያብላላው ጋን) ኦክስጅንን ከአየር ለይቶ የሚያመርት ጣቢያ ስለነበረው ናይትሮጅኑን ያገኘው በተረፈ ምርትነት ነው! እኛ ያንን ከየት እናመጣለን?

የሥራ ደህንነት ባለሙያ፦ የዋጋውን ክርክር ለእናንተ ልተወው። ናይትሮጅን ሽታ ስለሌለው፣ አየር በማይናፈስበት አዳራሽ ከፈሰሰ ሠራተኛው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። ሃይድሮሰልፋይድም ድብልቁ አሲዳማ ከሆነ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የኦክስጅን መለኪያና የአየር ማስወጫ ያልተካተቱበትን የዋጋ ስሌት አልቀበልም።

ተማሪ፦ ከፍታውንስ ለምን ዘነጋችሁት? ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያንሳል፤ ሙቀቱ እኩል ከሆነም በውሃው የሚሟሟው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። በቆላ የተገኘን የሙከራ ውጤት እንዳለ እዚህ ማምጣት አይቻልም።

የኬሚስትሪ መምህር፦ ጥሩ ብለሃል። በዚያ ላይ ማዕድኑን የሚፈጨው ወፍጮ የብረት ኳሶች ሲዝጉ የቀረውን ኦክስጅን ስለሚጠቀሙት፣ ለአንዳንዱ ማዕድን ዛንቴት ከመጨመሩ በፊት አየር መንፋት ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ማዕድኑ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ በአንድ ገንዳ፣ አንድ ጊዜ በአየር አንድ ጊዜ በናይትሮጅን ይፈተሽ።

መሐንዲስ፦ ለሙከራ ጥቂት ሲሊንደር ናይትሮጅን መግዛቱን አልቃወምም፤ ማምረቻ ጣቢያ ይተከል የሚለውን ግን ውጤቱን ሳላይ አልደግፍም።